በጉልበት ልክ የቀረው ግንብ

ጋሽ መርዳሳ ጎብኚ ሲመጣ መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ለሙታን ክብር ይመስላል። ሲጠየቁ ግን፣ «የአዳማን ነፋስ አታውቁትም፤ ካላወለቅሁት ግማሹን ቀን ባርኔጣ ሳባርር ነው የምውለው» ይላሉ። ከዚያ ባርኔጣውን በብብታቸው ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ።

የሚያስጎበኙት የጦርነት መታሰቢያ ሐውልታችንን ነው። ትልቅ አይደለም። ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ቦታ ጀርባ ይገኛል። መሀሉ ላይ ሦስት ጎን ያለው የቀይ ድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ጫፉ ሳይጠረብ ቀርቶ የተሰበረ ይመስላል። በሦስቱም ጎኑ በድንበሩ ጦርነት ሄደው ያልተመለሱ መቶ ስድሳ ሁለት የከተማዋና የአካባቢዋ ልጆች ስም ተቀርጿል። ማዕረግ አልተጻፈም። ስሙ በፊደል ተራ ስለተደረደረ ሻለቃው ከወጥ ቤት ሠራተኛው ሥር የዋለበት ቦታ አለ። ዓምዱን ክብ ግንብ ይዞረዋል። ግንቡ በሰሜን በኩል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት ብቻ ነው።

ጋሽ መርዳሳ የዚህ ቦታ ጠባቂ ናቸው። ጠባቂ ከመሆናቸው በፊት ግንበኛው ነበሩ። ስለዚህ እንደ ሌላ አስጎብኚ ከወረቀት አያነቡም።

«ጫፉ ያልተጠረበው ዕድሜያቸው ስላላለቀ ነው» ይላሉ። ተራ የሚጠብቁት የባጃጅ ሾፌሮች ከኋላ ሆነው፣ «ድንጋይ አልቆባቸው ነው፣ አትስሟቸው» ይላሉ። ጋሽ መርዳሳ ዞር ብለው አያዩአቸውም። «ክፍተቱ ወደ ሰሜን ያየው በዚያ በኩል ስለሄዱ ነው። መዝጊያ የለውም። ይመለሳል በተባለ ሰው ላይ ቤት አይዘጋም።» እስከዚህ ድረስ የሚሉት ሁሉ ንድፉን የሠራው ሰው ያሰበው ነው።

ግንቡ ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ግንቡ ያጠረበት ምክንያት እንደ ጎብኚው ነው። ለተማሪዎች፣ «ይህ ስግደት ነው፤ ድንጋዩም ለእነሱ ዝቅ ብሏል» ይላሉ። ለባለሥልጣናት፣ «እኩልነት ነው፤ ማንም ከማንም በላይ እንዳይታይ።» አንድ ጊዜ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮችን፣ «ትዳርም እንዲህ ነው፤ አጥር ያስፈልገዋል፣ ግን ከጉልበት በላይ ከሆነ ጎረቤት አያይላችሁም» ሲሏቸው እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙሽራዋ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

ጋሽ መርዳሳ የተወለዱት አቦምሳ አካባቢ ነው። ወደ አዳማ የመጡት ሚስማር ለመግዛት ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳሉ አባታቸው ቆርቆሮ ሊያስመቱ ፈልገው፣ «ሁለት ኪሎ ሚስማር ገዝተህ በማታው አውቶቡስ ተመለስ» ብለው ላኳቸው። ሚስማሩን ገዙ። ወደ መናኸሪያ ሲመለሱ ሳሊህ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ የድንጋይ ግድግዳ ሲሠሩ አዩና ቆሙ። ሳሊህ ድንጋዩን ከመምታታቸው በፊት እንደ ዳቦ ሊጥ በእጃቸው ያገላብጡት፣ ይዳብሱት ነበር። አውቶቡሱ ሄደ። በማግስቱም ሄደ። አቦምሳ የተመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «ሚስማሩን ግን አድርሻለሁ» ይላሉ፣ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ፤ «አንድም አልጎደለም።»

ከሳሊህ የተማሩትን ሲጠየቁ ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው፣ ድንጋይ ፊት እንዳለውና ፊቱ ሳይገኝ እንደማይመታ ነው። ሁለተኛው፣ ግድግዳ ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚደገፈው መጠየቅ እንደሚገባ ነው። በዚህ ትምህርት አርባ ዓመት ሠሩ። የመጋዘን አጥር፣ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ፣ የመስጊድ መግቢያ፣ የስንቱ ቤት መሠረት የእሳቸው ነው። መንገድ አብረዋቸው ከሄዱ አይደርሱም፤ በየደቂቃው ቆመው አንድ ግድግዳ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ እንደ በሬ ገበያ ሰው።

እኔ ወደ ሐውልቱ የምሄደው ጎብኚ ሆኜ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ይትባረክ በምሥራቁ ጎን ከታች ሰባተኛው ነው። በ«ይ» የሚጀምር ስም በፊደል ተራ ወደ ታች ይወርዳልና፣ ግንቡ ላይ ስቀመጥ ስሙ ከዓይኔ ትክክል ነው። የእማማ ዘመናይ ልጅ ገሠሠ ከእሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ አለ። የከሪማ ባል መሐመድሰዒድ ግን በሌላኛው ጎን ላይኛው ረድፍ ላይ ስለሆነ፣ ከሪማ አንገቷን ታቀናለች። «በሕይወቱም እንዲህ ቀና ብዬ ነበር የማየው፤ ረጅም ነበር» ትላለች።

የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት የእኛ ቀን ነው። ማን እንደ ወሰነው አላውቅም። ስድስት ሴቶች ነን። ድሮ ብዙ ነበርን፤ አንዳንዶቹ አረጁ፣ አንዳንዶቹም ሞቱ። እኔ ልብስ ስለምሰፋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስድስት መቀመጫ ትራስ ሰፍቻለሁ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ እሄዳለሁ። ተቀምጠን እናወራለን። ስለ ሞት ብዙ አናወራም። ስለ ዘይት፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ እናወራለን። ጋሽ መርዳሳ በመሀላችን እየተንጎራደዱ ጣልቃ ይገባሉ። እማማ ዘመናይም ይሰድቧቸዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እንደ ልብ የሚሰድቡት ሰው ጋሽ መርዳሳ ብቻ የቀሩ ይመስለኛል።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ መርዳሳ ቤቴ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ላስቲክ ስፊልኝ፤ አገጭ ሥር የሚያዝ» አሉኝ።

«ምነው? ማውለቅ ሰለቸዎት?»

«ድንጋይ ስሸከም እጄ ስለማይተርፍ ነው።»

ጋሽ መርዳሳ ድንጋይ ከተሸከሙ ስድስት ዓመት አልፏል። ማሽኑን አቆምኩና ቀና አልኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። ባርኔጣውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ ነገሩን ነገሩኝ።

ሐውልቱ ሊታደስ ነው። ንድፉን የሠራው ምንተስኖት የሚባለው አርክቴክት ሥራውን እንዲመራ ከአዲስ አበባ ተጠርቷል። ሰኞ ዕለት መጥቶ ቦታውን አይቷል። ዓምዱን በሜትር ለካ፤ ደስ አለው። ክፍተቱን ለካ፤ ደስ አለው። ግንቡን ሲለካ ግን ሜትሩን ሁለት ጊዜ አጠፈና ዘረጋ።

«አርባ ስድስት ሴንቲ ሜትር» አለ። «ይኼ ሜትር ተኩል ነበር የሚለው። ፕላኑ ጠፍቶባችሁ ነበር እንዴ?»

ጋሽ መርዳሳ ወደ ጥበቃ ቤታቸው ገብተው ፕላኑን አመጡለት። አሥራ ስምንት ዓመት አጣጥፈው አስቀምጠውታል። ከሻይ ብርጭቆ ክብ በቀር ምንም አልነካውም። ሜትር ተኩል ይላል።

«ታዲያ ምን ሆነ?» አላቸው።

«ቀን አጠረኝ» አሉት።

አርክቴክቱ ግን አልተቆጣም። ልጅ ሳለ የሠራው የመጀመሪያ ሥራው እንደ ነበረ፣ ምርቃቱ ሲሆን ለትምህርት ውጭ አገር ስለነበረ ሳያየው እንደ ቀረ ብቻ ነገራቸው። «አሁን እንጨርሰዋለን፤ እርስዎም ይመሩልኛል። የእርስዎን እጅ የሚመስል ሌላ ግንበኛ አላገኝም» አላቸው። ቀይ ድንጋይ ከዚያው ከድሮው የድንጋይ ካባ ሊመጣ ተቀጠረ። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ይጀመራል።

«ታዲያ እኛስ የት እንቀመጣለን?» አልኳቸው።

«ከውጭ በኩል የብረት አግዳሚ ወንበር ይደረጋል ብሏል። አራት።»

«ከውጭ ሆነን ስሙ ይታያል?»

«ሜትር ተኩል ነው ልጄ። አይታይም።»

ከዚያ፣ «እውን ቀን አጥሮዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጋሽ መርዳሳ በሩን ተመለከቱ፤ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

ግንቡ ሦስት ረድፍ ድንጋይ ላይ ሲደርስ፣ በዓምዱ ላይ ስም ተቀርጾ ማለቁ በከተማው ተወራ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገቡ እናቶች መጥተው ግንቡ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዓምዱን ያያሉ። ፎርማኑ፣ «መርዳሳ፣ አስነሣቸው» አለ። መርዳሳ፣ «አንተ አስነሣቸው» አሉት። ፎርማኑ የሥራ ቆቡን አውልቆ ሄደ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ፣ ከዳር ቁጭ አለ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ተነሥ የሚል አፍ በአገራችን የለም። እሱ ራሱ እስኪነሣ ይጠበቃል።

ተጠበቀ። በማግስቱ ወሬው ሞጆ ደረሰ፣ ከዚያ ወለንጪቲ፣ ከዚያ መተሃራ። በየቀኑ አዲስ ሰው ይመጣል፤ የትናንቶቹም ይመለሳሉ። ክቡ ዙሪያውን ሞላ። ግንበኞቹ ሲሚንቶ እያቦኩ መልሰው ይደፉታል። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ምርቃቱ በሳምንቱ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ መርዳሳ በሦስተኛው ረድፍ ላይ የክዳኑን ድንጋይ ለጠፉበት። ፎርማኑ «ተፈጸመ» ብሎ ፈረመና ሄደ።

እኔም ከዚያ አሥራ አንድ ቀን አምስቱን ተቀምጫለሁ። ትዝ ይለኛል። አንድ ግንበኛ ከዳር ሆኖ መዶሻውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ያዘነልን መስሎኝ ነበር።

«አዝኜም ነበር» አሉ ጋሽ መርዳሳ። «ግን በአርባ ዓመት ሥራዬ ሳልጨርስ የሄድኩት ግድግዳ እሱ ብቻ ነው። በሄድኩ ቁጥር ያየኛል። ጠባቂነቱን ሲሰጡኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያየኝ ጀመር። ስግደት ነው ባልል ምን ልበል? ያልጨረስኩት ነው ልበል?»

«ለአርክቴክቱ ለምን ይህን አልነገሩትም?»

«ሴቶቹ ናቸው ያስቀሩት ልበለው? እንዴት ተደርጎ።» ተነሡ። «ለዘመናይ እንዳትነግሪ። አፋቸውን አልችለውም።»

ላስቲኩን ሰፋሁላቸው። ለማንም አልተናገርኩም። የዚያን ሳምንት የሠራሁት ነገር አንድ ትራስ መጨመር ብቻ ነው፤ ሰባተኛ።

ጋሽ መርዳሳ ቅዳሜ የእኛ ቀን መሆኑን ለአርክቴክቱ አልነገሩትም። ረስተው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ከክፍተቱ አጠገብ የቀይ ድንጋይ ክምርና አሸዋ ተራግፏል። እማማ ዘመናይ በቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ከሪማና ሌሎቹም መጥተዋል። ትራሱን አደልኩ። ጋሽ መርዳሳ ባርኔጣቸውን በላስቲክ አስረው፣ ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

«ይኼ ምንድን ነው አንተ መርዳሳ? የአህያ ልጓም ነው?» አሉ እማማ ዘመናይ።

«ነፋሱ ነው እማማ።»

«ነፋሱ ዛሬ ነው የመጣው? ድንጋዩስ?»

«ለእድሳት ነው።»

«ምን የሚታደስ ነገር አለው? አንተን ቢያድሱህ ይሻል ነበር።»

ከሪማ ሳቀች። በዚህ መሀል አርክቴክት ምንተስኖት ከሦስት ሠራተኞች ጋር መጣ። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ጸጉሩ ሸሸት ያለ ሰው ነው። ሠራተኞቹ የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። በክፍተቱ ሲገቡና እኛን ሲያዩ አካፋና መዶሻቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ዳዊ የሚባለው ትልቁ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለና ወደ ኋላ ተመልሶ ድንጋዩ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱም ተከተሉት።

አርክቴክቱ ግራ ገባው። ወደ ጋሽ መርዳሳ ጠጋ ብሎ፣ «እናቶች ትንሽ ቢነሡልን?» አለ።

«እስቲ ይንገሯቸው» አሉ ጋሽ መርዳሳ። ዓይናቸውን ከሰማይ አልነቀሉም።

መጣ። እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። «እንደምን አደራችሁ እናቶቼ። አንድ ጊዜ ላስቸግራችሁ ነበር . . .»

«እንደምን አደርክ ልጄ» አሉ እማማ ዘመናይ። «ተቀመጥ። ቆሞ የሚያነጋግር ፖሊስ ነው።»

«አይ፣ እቸኩላለሁ።»

«ተቀመጥ አልኩህ። ሱሪህ ነው? ትራስ አለ። አንቺ፣ ትራስ ስጪው።»

ሰባተኛውን ትራስ ሰጠሁት። ጋሽ መርዳሳ ትራሱንና እኔን አዩ። ተቀመጠ። ከሪማ፣ «ታኣ፣ ታኣ» ብላ ቦታ ለቀቀችለት፤ እሷ ደስ ሲላት ተቀመጡ የምትለው በኦሮምኛ ነው።

«ማን አለህ እዚህ ላይ?» አሉት እማማ ዘመናይ፣ በአገጫቸው ዓምዱን እያሳዩ።

«ማንም የለኝም። ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«ዓምዱን አንተ ነህ ያሰብከው?»

«አዎ።»

እማማ ዘመናይ እጁን ያዙትና ሳሙት። «ማዕረግ ያልጻፍከው አንተ ነህ? ተባረክ። ገሠሠ ተራ ወታደር ነበር። አለቆቹ መሀል ሲያዩት ደስ ይለኛል።» እጁን አልለቀቁትም። «አሁን ምን ሊሠራ ነው ድንጋዩ?»

አርክቴክቱ አስረዳቸው። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው፤ ልቡ ውስጥ ብዙ ጊዜ የኖረ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ግንቡ ምሽግ እንዲመስል ነበር ያሰበው። ሰው በክፍተቱ ሲገባ ግንቡ እስከ ትከሻው ይደርሳል። ባጃጁና የገበያው ጫጫታ ይቀርለታል። ፊቱ ያለው ዓምዱ፣ በላዩ ሰማይ ብቻ። «እያንዳንዱ ሰው ከስሙ ጋር ብቻውን እንዲሆን» አለ።

እማማ ዘመናይ አሰቡበት። «አንተ ልጅ፣ አባትህ በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«እግዜር ነፍስ ይማር። ሲሞቱ ጎረቤት ምን አለህ? ብቻህን ሁን አለህ?»

«. . . አይ።»

«ምን አደረገ?»

«መጥቶ ተቀመጠ» አለ አርክቴክቱ፣ ቀስ ብሎ። «ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ካርታ ተጫወተ።»

«አየህ» አሉ እማማ ዘመናይ። «እኔ ደግሞ አጭር ነኝ። ሜትር ተኩል ውስጥ ብገባ ጉድጓድ ነው የሚሆንብኝ። ገና ነኝ ለጉድጓድ።»

ከሪማ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ኦቦ መርዳሳ ደግሞ ስግደት ነው ነበር የሚሉን። ለሙሽሮች የትዳር አጥር ነው ብለዋል።»

አርክቴክቱ ዘወር አለ። «ስግደት?»

ጋሽ መርዳሳ እንግዲህ የሚሸሹበት አልነበራቸውም። ባርኔጣቸውን ለማውለቅ ሞከሩ፤ ላስቲኩ አገጫቸው ላይ ያዘና አልወጣ አለ። በዚያው ሁኔታ፣ ባርኔጣው ግንባራቸው ላይ ተንጋዶ፣ ሁሉንም ተናገሩ። የሰኞውን ጠዋት፣ ፎርማኑን፣ የተደፋውን ሲሚንቶ፣ አሥራ አንዱን ቀን። «ዋሽቼዎታለሁ» አሉት አርክቴክቱን፤ «ቀን አላጠረኝም። ተነሡ ማለት አልቻልኩም።»

የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። እማማ ዘመናይ አፋቸውን ይከፍታሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደቡም። ወደ ግንቡ ጎንበስ ብለው የተቀመጡበትን ድንጋይ በመዳፋቸው ነኩት።

«እኛ ነን ያስቀረነው?» አሉ።

ጋሽ መርዳሳ የተንጋደደውን ባርኔጣ አቀኑ።

«አሥራ ስምንት ዓመት?» ወደ አርክቴክቱ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልን። የመጀመሪያ ሥራህን አበላሽተንብሃል። አናውቅም ነበር።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ተነሡ እናንተ፣ ልጁ ሥራውን ይሥራ። ትራሱን ሰብስቢ አንቺ።»

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ትራሴን ከሥሬ ሳብኩ። ከሪማ ነጠላዋን ሰበሰበች። ጋሽ መርዳሳ ፊታቸውን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ወደሚሽከረከሩበት ኮረብታ አዞሩ። እማማ ዘመናይ በአንድ ጉልበታቸው ብቻ ስለሚነሡ ጊዜ ይፈጃል፤ በምርኩዙ ተደግፈው ግማሽ ድረስ ብድግ አሉ።

«አይነሡ» አለ አርክቴክቱ።

«ተወኝ፣ እችላለሁ።»

«አይነሡ እማማ። እባክዎ ይቀመጡ።» ሁለት እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጣቸው። ከአፉ የወጣውን ነገር ራሱ ገና እየሰማው ይመስል ነበር። ወደ ዳዊና ወደ ሁለቱ ሠራተኞች አየ፤ እነሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ዳቦ መብላት ጀምረዋል። ከዚያ መልሶ ቁጭ አለ። የት መሆኑን ሳያይ ነው የተቀመጠው፤ ከእኔ አጠገብ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ያለው የእኔ ወንድም ስም ነው።

«ይትባረክ» ብሎ አነበበ። «የማን ነው?»

«የእኔ» አልኩት።

«ከዚህ ሲታይ ፊደሉ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

ብዙ ተቀመጠ። እማማ ዘመናይ እናቱ የት እንደምትኖር፣ ለምን እንዳልወፈረ፣ ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት። አንዴ ቁጭ ካለ በኋላ ትልልቆቹ ሳይነሡ መነሣት ነውር መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሁሉንም መለሰ። ዳዊና ጓደኞቹ ዳቧቸውን ጨርሰው ተኙ።

በመጨረሻ፣ «ጋሽ መርዳሳ፣ ፕላኑን ያምጡልኝ» አለ።

አመጡለት። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሜትር ተኩል የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘና በላዩ አርባ ስድስት ጻፈ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ሰው ዙሪያውን ለማረጋገጥ ሜትሩን አውጥቶ መለካት ጀመረ። አርባ ስድስት፣ አርባ ስድስት፣ አርባ ስድስት። እማማ ዘመናይ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ አርባ ዘጠኝ ነው። ውሃ ልክ አልተጠቀሙም?»

ጋሽ መርዳሳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ግንበኛ ተቆጡ። «ውሃ ልኬ የሳሊህ ነው፤ አይሳሳትም። እማማ የዚያን ጊዜም አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም ነበር። ሲነሡ ሁለት ሰው ይጎትታቸው ነበር። ክዳኑን ሦስት ሴንቲ ወፍራም አደረግሁት።»

እማማ ዘመናይ ሰሙ። አሥራ ስምንት ዓመት የተቀመጡበትን ድንጋይ እንደገና ዳበሱት። «ሌላው ቦታ ለምን እንደማይመቸኝ አሁን ገባኝ» አሉ። «ነገሩስ፣ የማትረባ ብትሆንም ዓይን አለህ።»

አርክቴክቱ አርባ ዘጠኙንም ጻፈው። ፕላኑን ሊያጥፍ ሲል ጋሽ መርዳሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ቢጽፉልኝ።»

«ምን?»

«አልቋል ብለው።»

አርክቴክቱ አያቸው። ከሥር በትልቁ፣ «የክቡ ግንብ ሥራ ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ፣ ፈረመ። ጋሽ መርዳሳ ወረቀቱን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አርቀው አነበቡት። ከዚያ ዳዊን ቀሰቀሱት። የመጣው ድንጋይም በከንቱ አልቀረም፤ የተሰነጣጠቁትን ክዳኖች ተኩበት፣ የተረፈውንም ከክፍተቱ ፊት አንድ ሰፊ ዝቅ ያለ ደረጃ ሠሩበት። ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ መርዳሳ ባርኔጣቸውን በላስቲክ አስረው ድንጋይ ሲያገላብጡ ከሩቅ ይታዩ ነበር። ድንጋዩን ግን ዳዊ ነው የተሸከመው።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ተቀምጠን ሳለ የተማሪዎች ቡድን መጣ። ሰባተኛውን ትራስ እንደ ልማድ ይዤው ነበር፤ ባዶውን ከአጠገቤ ተቀምጧል። ጋሽ መርዳሳ ተማሪዎቹን ሲያዩ ላስቲኩን ከአገጫቸው ፈቱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ስለ ጫፉ ተናገሩ፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ «ድንጋይ አልቆባቸው ነው» አሉ። ስለ ክፍተቱ ተናገሩ። አንዲት ተማሪ ደብተሯን ከፍታ፣ «ግንቡ አጭር የሆነው ምንን ለማመልከት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«መቀመጫ ነው» አሉ ጋሽ መርዳሳ። «ተቀመጡ።»

ልጅቷ የምትጽፈው ጠፍቷት አየቻቸው። ሌሎቹ እየተሳሳቁ ዙሪያውን ተቀመጡ። እማማ ዘመናይ ወደ እኔ ጠጋ አሉና ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ፣ «ስግደቱ ይሻል ነበር» አሉ።